ሌላ

ዮሪስን ስልክ ሰለቸው።
እጁ በግራሶ ተነክሮ፣ ተቀዳደደ ጎማ በጉልበቱ ይዞ
ስልኩ እዚያ ይጮኻል፤ ማን ያንሳው፣ በየትኛው እጁ?
«አንቺ» አለኝ አንድ ማክሰኞ፣ «ኮምፒውተር ትማሪ የለ ማታ ማታ፣
ቅጽ ሥሪልኝ፤ ሰው ችግሩን ጽፎ ይላክ፣ እኔም ልሥራ በጸጥታ።»

ጌንት ነው። ቦዩ ዳር። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል።
ላፕቶፔን ከመፍቻዎቹ ሣጥን ላይ አኖርኩ፤ ከጎኔ
የተሰቀለ ካቴና ዘይቱን ጠብ ጠብ ያደርጋል።

መጀመሪያ ቅጹን ከፈትኩት፤ ታች ወርጄ ዘጋሁት፤
የከፈተ ይዝጋ ነው ሕጉ፤ መሐሉን ኋላ ሞላሁት።
በሹል ቅንፍ መሐል አንዲት ቃል ስትገባ
ገጹ ላይ ሣጥን ሆና ትወጣለች፣
እንደ አዲስ ኪራይ ቤት፣ ገና ማንም ሳይገባ።

ስም። ስልክ። የሚመጡበት ቀን።
በየሣጥኑ ፊት ስያሜ ለጠፍኩ፤
ስያሜውን ከሣጥኑ በስውር ክር አሰርኩት፤
ቃሉን ጠቅ ሲያደርጉት ጠቋሚው ዘሎ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል።
ብቻዬን ሳቅሁ። ዮሪስ ቀና ብሎ «ምን ተገኘ?» ይላል።

ከዚያ ብልሽቱ መጣ። ከላይ ወደ ታች ዝርዝር፦
ጎማ። ፍሬን። ካቴና። ዲናሞ። ኮርቻ።
«ግድ» ብዬ ደነገግሁ፣ ሳይመርጥ ማንም እንዳይሻገር።
ዮሪስ በትከሻዬ አሻግሮ አየና «‹ሌላ› የሚል አክይበት» ቢለኝ
«ሌላ ምን አለ?» አልኩት፣ «ብስክሌት እኮ ይኸው ነው!»
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ የነፋ ሰው ትከሻውን ሰበቀ፤
«እኔ ምን አውቄ? የሚጋልበው ሰው ነው።»

ለይምሰል ጨመርኩለት፣ ከዝርዝሩ ግርጌ፤
ከሥሩም አራት መስመር የሚይዝ ሣጥን ዘረጋሁ፣
ባዶውን ይኑር ብዬ ፈርጄ።

መጨረሻ አዝራሩ። በፍላሚሽ አንድ ቃል ይበቃል ለሁሉም፤
በእኛ ቢሆን «ላክ» ልል ነው? «ላኪ»? «ይላኩ»?
ከወዲያ ያለውን ሰው ፊቱን አላይ፣ ዕድሜውን አላውቅም።

የሌለኝን ብስክሌት አስመዝግቤ ራሴው ሞከርኩት።
ስም፦ ትርንጎ። ብልሽት፦ ፍሬን። ላክሁት።
የሚደርስበትን አድራሻ ረስቼ ኖሮ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ፤
ሌሊቱን ስፈልገው አደርኩ፤
ረቡዕ ማለዳ ተገኘ፤ ዮሪስ ግን ምንም ሳይደንቀው ጎማ ነፋ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው መጣ።
ስም፦ ጎደሊቭ። ቀን፦ ቅዳሜ። ብልሽት፦ ሌላ።
ያ የናቅሁት ሣጥን ጢም ብሎ ሞልቶ
መስመሩ ከጠርዙ ተርፎ ወጣ፦

«ብስክሌቱ የባለቤቴ ነው። ፔዳሉ ሲዞር ይጮኻል፣
እንደ ዳክዬ፣ በየዙሩ አንዴ። እሱን እንዳትነኩት።
አርባ ዓመት ያን ድምፅ ከድልድዩ ማዶ ስሰማ
ሾርባውን እሳት ላይ እጥድ ነበር።
አሁን የምጋልበው እኔ ነኝ። ኮርቻውን ዝቅ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጉልኝ፤
ድምፁን ተዉልኝ።
ከዝርዝሩ የቱን እንደምመርጥ ግራ ገባኝ፤
ይቅርታ።»

ዮሪስ አንብቦ መነጽሩን በግራሶ እጁ ጠረገው፤
ባሰበት እንጂ አልጠራለት። ሁለተኛም አነበበው።
ቅዳሜ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች ዘይት ቀባው፣
አንዲት ቦታ ብቻ በጣቱ ከልሎ፣
ጠብታ እንኳ እንዳይነካት ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ።

ሴትዮዋ አጭር ናት። ሒሳብ ከፈለች፣ ወጣች።
ድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲጥ… ሲጥ… እያለ
ድልድዩን ሲሻገር ሰማነው። ስልክ አልጮኸም።

ማታ ኮዱን ከፈትኩት።
«ሌላ»ን ከግርጌ አላነሣሁትም፤ ቦታው እዚያ ነው።
ሣጥኑን ብቻ
ከአራት መስመር ወደ አሥር አሰፋሁት።